እውነት ወይስ ተረት? በሠላሳ ዓመት የሚመጣ እርጅና

እ.ኤ.አ. በ1904 ኦቶ ቨርነር የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ስለ አራት የአንድ ቤት ልጆች ጻፈ። ገና ጎልማሶች ናቸው፤ ዓይናቸውን ግን ሞራ ጋርዶታል፣ ቁመታቸው አጥሯል፣ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ የእግራቸው ቆዳ ተወጥሮ ደርቋል። በሽታው ዛሬ በስሙ ቨርነር ሲንድረም ይባላል። ከተመዘገቡት ሕሙማን አብዛኞቹ ጃፓናውያን ናቸው። ስለ በሽታው የሚወራው ግን ብዙው ከሌላ ጋር የተቀላቀለ ነው።

«ሕፃናቱን የሚያስረጀው በሽታ አይደል?»

አይደለም። በፎቶ የምናያቸው ራሰ በራ ሕፃናት ሃቺንሰን ጊልፎርድ ፕሮጄሪያ የሚባል ሌላ በሽታ ያለባቸው ናቸው። እሱ ገና በጨቅላነት ይጀምራል፤ መነሻው የህዋሱን አስኳል ቅርጽ በሚይዘው ላሚን ኤ በተባለ ፕሮቲን ላይ የሚደርስ ጉድለት ነው፣ ይህም በ2003 ታወቀ። የቨርነር ሕመምተኛ ግን ልጅነቱን እንደ እኩዮቹ ያሳልፋል። የመጀመሪያው ምልክት የቀረ ነገር ነው፦ በጉርምስና ሊመጣ የሚገባው የቁመት መመዘዝ ሳይመጣ ይቀራል። በሃያዎቹ ሽበት፣ በሠላሳዎቹ የዓይን ሞራ፣ ከዚያ ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ የማይድን ቁስል። አብዛኞቹ በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው በልብ በሽታ ወይም በካንሰር ያልፋሉ።

«አንድ ፕሮቲን ጎደለ፣ አንድ ሥራ ቀረ»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። በ1996 ጉድለቱ ያለበት ዘረመል ስምንተኛው ክሮሞዞም ላይ ተገኘ። ከሱ የሚሠራው ፕሮቲን ደብልዩ አር ኤን ይባላል፤ የ1,432 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ዲኤንኤ ሁለት ክር የተገመደበት ነገር ስለሆነ ሊገለበጥም ሆነ ሊጠገን መጀመሪያ ግምዱ መላላት አለበት። ይህ ፕሮቲን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንዝርት ይዛ የምትሠራው ፈታይ ናት፣ ይህኛው ግን ፈቺ፤ ቃላቱ ይቀራረባሉ፣ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። በዚያ ላይ የክሩን ጫፍ የሚቆነጥርበት መቀስም አለው።

ሁለተኛው ግማሽ ነው ተረቱ። ፈቺው ብቻውን ሲሆን ደካማ ነው፤ ጥቂት የዲኤንኤ ፊደል ፈትቶ ይቆማል፣ የተለያዩት ክሮችም ከኋላው ተመልሰው ይገመዳሉ። አር ፒ ኤ የተባለው ፕሮቲን የተፈታውን ክር እንዳይገመድ ሲይዝለት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊደላትን ይዘልቃል። ዲኤንኤ ሲበጠስ ቀድሞ የሚደርሰው ኩ የተባለው ጥንድ ፕሮቲን መቀሱን ያነቃለታል። ፈቺውም በበኩሉ ተርፈው የተንጠለጠሉ ጫፎችን የሚቆርጠውን ፌን 1ን ያፋጥናል። ቴሎሜር የሚባለውን የክሮሞዞም ጫፍ የሚጠብቀው ቲ አር ኤፍ 2 ደግሞ ወደዚያ ይጠራዋል። እንግዲህ ደቦ ነው። ፈቺው ሲቀር ሌሎቹ ሁሉ ማሳው ላይ አሉ፤ የሚቋረጠው ቅብብሉ ነው። አንድ ጉድለት ዓይንን፣ አጥንትን፣ ደም ሥርንና ቆዳን በአንድ ጊዜ የሚነካው እኔ እንደሚገባኝ በዚህ ነው።

የሚገርመው ደግሞ፣ በብዙ ሕሙማን ፕሮቲኑ ከጅራቱ ተቆርጦ ይሠራል። ወደ አስኳል የሚያስገባው ምልክት ያለው ጅራቱ ላይ ነው። ስለዚህ የተረፈው ቁራጭ ቢኖርም ዲኤንኤው ካለበት ክፍል በር ላይ ይቀራል።

«እርግማን ነው» ወይም «ከወላጆቹ አንዱ ይህ በሽታ ነበረበት»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ወላጆቹ ብዙ ጊዜ ፍጹም ጤነኞች ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ጉድለት ያለበትና አንድ ደህና ቅጂ አላቸው፤ ልጁ ሁለቱንም ጉድለቶች የሚወርሰው ከአራት አንድ በሆነ ዕድል ነው። የሥጋ ዘመዶች ሲጋቡ እንዲህ ዓይነት ሁለት ተሸካሚዎች የመገናኘታቸው አጋጣሚ ይጨምራል። አያቶቻችን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ስለ ክሮሞዞም አልሰሙም፤ ቆጠራው ግን እንዲህ ዓይነቱን ግጥምጥም ይቀንሳል። ፈጽሞ አያስቀርም፤ ባዕድ ለባዕድ የሆኑ ሁለት ተሸካሚዎችም ሊገናኙ ይችላሉ።

«የሁላችን እርጅና ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ ተጨመረ»

ይህን ሐኪም ሲለውም ሰምቻለሁ። ነገር ግን እርጅና የምንለው ሁሉ እዚህ የለም። እንደ አልዛይመር ያለ የመርሳት በሽታ የቨርነር መለያ አይደለም። የካንሰሩም ዓይነት ይለያል፦ በተራ ሽማግሌ ላይ እምብዛም የማይታየው ሳርኮማ እዚህ ይበዛል፤ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ደግሞ ፀሐይ በማይነካው የእግር መርገጫ ላይ ይወጣል። በላቦራቶሪ አይጦች የሆነው ከዚህም ይብሳል። ዘረመሉ ተነሥቶባቸው ደህና ኖሩ! በ2004 በወጣ ጥናት ግን ቴሎሜርን የሚያስረዝመው ኢንዛይምም አብሮ ተነሥቶ ጥቂት ትውልድ ሲያልፍ ሽበቱም፣ የዓይን ሞራውም፣ የአጥንት መሳሳቱም መጣ። የላቦራቶሪ አይጥ ቴሎሜር ከሰው ይልቅ እጅግ ረጅም ነው፤ ስንቁ እስኪያልቅ ጉድለቱ አልታየም።

«ይህን ፕሮቲን የሚያበዛ እንክብል ቢገኝ ወጣት ሆነን እንቀራለን»

እንዲህ ዓይነት እንክብል የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን አትስጡት። ለሕሙማኑ ዛሬ የሚደረገው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፣ የስኳርና የልብ ክትትል፣ የእግር ቁስል እንክብካቤ፣ የካንሰር ምርመራ ነው። መድኃኒት ቀማሚዎቹ ደግሞ በዚህ ፕሮቲን ላይ በተቃራኒው መንገድ ሄደዋል። በ2019 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በግልበጣ የሚፈጠሩ ስሕተቶችን ማረም ያቃታቸው አንዳንድ የአንጀትና የማሕፀን ካንሰሮች ያለ ደብልዩ አር ኤን መኖር አይችሉም። አሁን በሰው ላይ እየተሞከሩ ያሉት መድኃኒቶች ፈቺውን የሚያስሩ እንጂ የሚያበዙ አይደሉም።