ጋርሲያ፦ የንጉሥ መጠሪያ የነበረው የሚሊዮኖች ስም

ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ደጋግሞ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፦ የኮሎምቢያዊው ደራሲ የጋብሬል ጋርሲያ ማርኬዝ መጻሕፍት የሚደረደሩት በ«ጋ» ነው ወይስ በ«ማ»? በ«ጋ» ነው። ምክንያቱ ይኸውላችሁ።

🔹 መነሻው፦ ጋርሲያ በመጀመሪያ የሰው መጠሪያ ስም ነበር። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓምፕሎናን የገዛው ንጉሥ ጋርሲያ ኢኒጌዝ ይባል ነበር። ኋላ ላይ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ሆነ።

🔹 ትርጉሙ፦ ብዙ አጥኚዎች ምንጩን ከባስክ ቋንቋ ይመዝዛሉ። ገሚሱ «ድብ»፣ ገሚሱ «ወጣት» ከሚለው ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ክርክሩ አልተቋጨም።

🔹 ስርጭቱ፦ በስፔን በብዛት 1ኛ ነው። ስፔናውያን ካሏቸው ሁለት የቤተሰብ ስሞች የመጀመሪያው ሆኖ ብቻ ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰዎች ይጠሩበታል። በአሜሪካም በ2010 የሕዝብ ቆጠራ 6ኛ ነበር።

🔹 አቀማመጡ፦ በስፔናውያንና በአብዛኛው የላቲን አሜሪካ ልማድ ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ የአባት ይቀድማል፣ የእናት ይከተላል። በስፔን ከ2017 ወዲህ ቅደም ተከተሉን ወላጆች ተስማምተው ይወስናሉ። የደራሲው አባት ጋርሲያ፣ እናቱ ማርኬዝ ናቸው፤ መጻሕፍቱ በ«ጋ» የሚደረደሩትም የአባቱ ስም ስለሚቀድም ነው። ገጣሚው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ በአጭሩ «ሎርካ» መባሉ ጋርሲያ እጅግ ስለበዛ ነው፤ በካታሎግ ግን ቦታው «ጋ» ላይ ነው።

አዘጋጆች፣ ተርጓሚዎች፣ ተማሪዎች፦ «ማርኬዝ» ብላችሁ የአባቱን ስም አታስቀሩ፤ «ጋርሲያ ማርኬዝ» ብላችሁ ጻፉ። ስምን አሟልቶ መጻፍ ለባለቤቱ የሚገባ ክብር ነው፤ ፈላጊውም መጽሐፉን በቀላሉ ያገኘዋል።