ቀይ እስክሪብቶ ሲበዛ

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። እስቲ 60 የድርሰት ወረቀት ተቆልሎ ሲጠብቃችሁ እንቅልፍ የት አለ? አንዱ «ኦፕን ዘ ሬዲዮ» ብሎ ይጽፋል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ በአማርኛ ሬዲዮ ይከፈታል፣ በእንግሊዝኛ ግን «ተርን ኦን» ነው የሚባለው።

አንዲት ተማሪዬ ስለ አባቷ ሞት ጻፈች። ስህተቱ ብዙ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ «ፈጣሪ ያጽናሽ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ከዚያ ያሰመርኩት የኃላፊ ጊዜ ግሶቹን ብቻ ነው። ወረቀቱን ደም ባስመስለው ኖሮ በሚቀጥለው ሦስት መስመር ጫር አድርጋ ትገላገለኝ ነበር። በሦስተኛው ድርሰቷ ግሶቹን ራሷ አስተካክላ መጣች። ደመወዝ የማይገዛው ደስታ ይሄ ነው!

እናንተም ወረቀታችሁ ታርሞ ሲመለስ ማርኩን ብቻ አይታችሁ አትወርውሩት። የተሰመረበትን አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉት።