«በቃኝ» የሚለው ድምፅ ሲደክም

ስለ ውፍረት ሲወራ ዓይናችን የሚያርፈው ሆድና ወገብ ላይ ነው። ስብ የበዛበት አመጋገብ ግን አንጎልንም ይነካል፤ በተለይ በሴሎቹ ውስጥ ያሉትን ሚቶኮንድሪያ።

ሚቶኮንድሪያ የሴል ምድጃዎች ናቸው። ከምግብ የተገኘውን ስኳርና ስብ በኦክስጅን አቃጥለው ኤቲፒ የሚባለውን፣ ሴሉ የሚሠራበትን ኃይል ያወጣሉ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ዕረፍት ላይ ሆነን እንኳ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ምድጃው ሲታወክ ጉዳቱ ቶሎ ይሰማዋል።

እንጨት ከልክ በላይ የታጨቀበት ምድጃ ከነበልባሉ ጭሱ ይበዛል። ስብና ስኳር ሲትረፈረፍባቸው ሚቶኮንድሪያም እንዲሁ ናቸው፤ ሴልን የሚጎዱ የኦክስጅን ውጤቶችን አብዝተው ይለቃሉ። በጤናማ ሴል ውስጥ እርስ በርስ እየተዋሐዱና እየተከፋፈሉ ራሳቸውን ያድሳሉ፤ ይህ ሚዛን ሲዛባ ይቆራረጣሉ፣ ይዳከማሉም።

ይህ በሃይፖታላመስ ሲደርስ መዘዙ ይከፋል። ሃይፖታላመስ በአንጎል ሥር የሚገኝ፣ ረሃብና ጥጋብን የሚቆጣጠር ትንሽ ክፍል ነው። የሰውነት ስብ ሌፕቲን በተባለ ሆርሞን አማካኝነት «ስንቁ ሞልቷል፣ ይብቃ» የሚል መልእክት ይልክለታል። በወፈረ ሰው ደም ውስጥ ሌፕቲን ብዙ ነው፤ አንጎሉ ግን መልእክቱን በሚገባ አይሰማም።

ለምን? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአይጦች ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጥቷል። ስብ የበዛበት ምግብ በተመገቡ አይጦች፣ የጥጋብን ስሜት በሚያመጡት የነርቭ ሴሎች ውስጥ ሚቶኮንድሪያ ከጎረቤታቸው የሴል ክፍል ጋር ያላቸው ግንኙነት ቀንሶ ተገኘ። ይህን ግንኙነት የሚያጠብቀው ሚቶፊውዚን 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ተመራማሪዎቹ ፕሮቲኑን ከእነዚህ ሴሎች ሲያጠፉት አይጦቹ አብዝተው በሉ፣ ክፉኛም ወፈሩ፤ ለሌፕቲንም ደነዘዙ። በወፈሩ አይጦች አንጎል ውስጥ ፕሮቲኑን ሲጨምሩት ደግሞ ሁኔታቸው ተሻሻለ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣ ሌላ ጥናትም፣ ስብ የበዛበት ምግብ በጀመሩ አይጦች ሃይፖታላመስ ውስጥ የብግነት ምልክት በ3 ቀናት ውስጥ እንደሚታይ አሳይቷል፤ ገና ብዙ ሳይወፍሩ ማለት ነው።

የሚቶኮንድሪያው ማስረጃ በአብዛኛው ከአይጦች የመጣ ስለሆነ እንዳለ ወደ ሰው አይገለበጥም። ይሁን እንጂ በወፈሩ ሰዎች የኤምአርአይ ምስል ላይ የሃይፖታላመስ ጉዳት ምልክቶች ታይተዋል። የሰውነት እንቅስቃሴም በአይጦች አንጎል ውስጥ አዳዲስ ሚቶኮንድሪያ እንዲበዙ እንደሚረዳ ታውቋል።

እንግዲህ ከማዕድ አልነሳ ያለውን ሰው «ሆዳም» ከማለታችን በፊት ቆም ማለት ይገባል። ሆዱ ሞልቶ፣ ወሬው አንጎሉ ዘንድ አልደረሰ ይሆናል።