«ተለውጫለሁ» የሚል ኮድ

ከአንድ የኢንተርኔት መደብር ሸሚዝ መርጠው «ወደ ቅርጫት ጨምር» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ገጹ ላይ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ባንዴ ይለወጣሉ። ጥግ ላይ ያለችው የቅርጫት ምልክት ቁጥሯ ከ0 ወደ 1 ይዘላል። ጠቅላላ ዋጋው ከፍ ይላል። ደብዝዞ የነበረው «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ደምቆ ይጠብቃል። ለገዢው ይህ ተራ ነገር ነው። ለፕሮግራመሩ ግን ጥያቄ አለበት፦ ሸሚዙ መጨመሩን ለሦስቱም የነገራቸው ማነው?

ቶሎ የሚመጣው መልስ «ቅርጫቱ ራሱ» የሚል ነው። በኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ ቅርጫቱ አንድ ኦብጀክት ነው፤ በውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል፣ ዕቃ መጨመርና መቀነስ ይችላል። «ጨምር» በሚለው ሜተድ ውስጥ ምልክቷን፣ ዋጋውንና ቁልፉን ተራ በተራ የሚጠሩ ሦስት መስመሮች ቢጻፉ ሥራው ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ከርሞ ነው። የገበያ ክፍሉ «ከዚህ ጋር የሚሄድ ሱሪ» የሚል ሳጥን ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ የትኛው ዕቃ ስንት ጊዜ እንደተመረጠ መቁጠር ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ፍላጎት የቅርጫቱ ኮድ እንደገና ይከፈታል። ዕቃ ከመያዝ ሌላ ሥራ ያልነበረው ኦብጀክት ስለ ቁልፍ ቀለምና ስለ ማስታወቂያ ማወቅ ይጀምራል። ቅርጫቱን ለብቻው ልፈትሸው የሚል ሰው ገጹን በሙሉ ጎትቶ ማምጣት ግድ ይሆንበታል።

ተቃራኒው መንገድ ጠያቂዎቹን ማብዛት ነው። ምልክቷም፣ ዋጋውም፣ ቁልፉም በየግማሽ ሰከንዱ ቅርጫቱን «ተለወጥክ?» እያሉ ይጠይቁታል። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «አይ» ነው። የስልኩ ባትሪ በከንቱ ያልቃል፤ እውነተኛው ለውጥ ሲመጣም ወሬው እስከ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል።

ሦስተኛው መንገድ፣ የፈለገ ይመዝገብ የሚል ነው። ቅርጫቱ የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ይይዛል፤ ሲለወጥ «ተለውጫለሁ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሰሚው ጉዳይ ነው። የእድር ጡሩምባ ነፊ የሚሠራው በዚሁ ደንብ ነው፦ መርዶውን ለአባላቱ ያሰማል እንጂ ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ድስት እንደሚያወጣ አይወስንም። ፕሮግራመሮች ሰሚውን ታዛቢ ወይም ኦብዘርቨር፣ የሚነገረውን ለውጥ ደግሞ ኢቨንት ይሉታል። ቅርጫቱ ስለ ታዛቢዎቹ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊጠሩ የሚችሉበት ሜተድ እንዳላቸው።

ሐሳቡ ከድረ ገጽ በፊት የነበረ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኖርዌዩ የኮምፒውተር ሊቅ ትሪግቬ ሬንስካውግ በ1978 እና በ1979 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል በእንግድነት ሲሠራ፣ መረጃውን ከሚታይበት መስኮት የሚለይ አሠራር ነደፈ። አንድ ሞዴል አለ፤ እሱን በሠንጠረዥ የሚያሳይ አንድ እይታ፣ በግራፍ የሚያሳይ ሌላ እይታ ይኖራል። በዚያው ማዕከል በተሠራው ስሞልቶክ-80 በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ውስጥ ሞዴሉ ለራሱ «ተለውጫለሁ» የሚል መልእክት ይልካል፤ ይህም የተመዘገቡትን ሁሉ በየተራ «ራስህን አድስ» ወደሚል ጥሪ ይለወጣል። ሞዴሉ የሚያዩት ሁለት ይሁኑ ሃያ አያውቅም። በ1994 የወጣውና አራት ደራሲዎች በጋራ የጻፉት «ዲዛይን ፓተርንስ» የተባለው መጽሐፍ ይህን ዘዴ ከ23ቱ ንድፎቹ አንዱ አድርጎ መዘገበው፤ ኦብዘርቨር የሚለው ስም በሰፊው የተለመደውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ጃቫ የተባለችው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ገና በ1996 ስትወጣ ለዚሁ የተዘጋጀ ክላስ ነበራት። ዕድሉ ግን አላማረም። ታዛቢ እንዲኖረው የፈለገ ኦብጀክት የዚያ ክላስ ልጅ መሆን ነበረበት፤ በጃቫ ደግሞ አንድ ክላስ ሁለት ወላጅ አይኖረውም። የሌላ ክላስ ልጅ የሆነ ኦብጀክት በሩ ተዘጋበት። በ2017 ጃቫ 9 ሲወጣ ክላሱ «ከእንግዲህ አትጠቀሙበት» የሚል ምልክት ተለጠፈበት።

ዘዴው ከሁሉ በላይ የገነነው ብሮውዘር ውስጥ ነው። ብሬንደን አይክ በ1995 ለኔትስኬፕ ኩባንያ ጃቫስክሪፕትን በአሥር ቀን ገደማ ሲሠራ ዓላማው ገጹ ለተጠቃሚው ድርጊት መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ነበር። የመጀመሪያው አሠራር ግን ለአንድ ቁልፍ አንድ ሰሚ ብቻ ይፈቅዳል፤ ሁለተኛ ስክሪፕት መጥቶ የራሱን ሲያስቀምጥ የመጀመሪያው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ይህ ታዛቢ ሳይሆን ወንበር ነጠቃ ነው።

ሌላው ውዝግብ የመንገዱ ነበር። ቁልፉ በሠንጠረዥ ረድፍ ውስጥ፣ ረድፉ በሠንጠረዡ ውስጥ፣ ሠንጠረዡ በገጹ ውስጥ ነው። ቁልፉ ሲነካ ማን ይቅደም? በ1997 የወጣው ኔትስኬፕ 4 ከውጭ ወደ ውስጥ ነገረ፤ የዚያው ዓመት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ በኅዳር 2000 ባጸደቀው ሰነድ ሁለቱንም ተቀበለ፦ ኢቨንቱ መጀመሪያ ከገጹ ጫፍ ወደ ቁልፉ ይወርዳል፣ ከዚያ ከቁልፉ ተነሥቶ ወደ ላይ ይመለሳል። ማንንም ላለማስቀየም የተደረገ ይመስላል፤ ቢሆንም በጀ። በአንድ ሺህ ረድፍ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ሺህ ሰሚ ከመመዝገብ ይልቅ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ሰሚ አስቀምጦ ወደ ላይ የሚመለሰውን ኢቨንት መጠበቅ ይቻላል፤ በኋላ የሚጨመሩትም ረድፎች ሳይመዘገቡ ይካተታሉ። ያው ሰነድ ለአንድ ቁልፍ የፈለጉትን ያህል ሰሚ መመዝገብንም ፈቀደ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን እስከ 2011 ድረስ በራሱ መንገድ ሄደ፤ የዘመኑ ፕሮግራመሮች ያንኑ ኮድ ሁለት ጊዜ ይጽፉ ነበር። በ2006 የወጣው ጄኩዌሪ የተባለ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ያን ያህል የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይህን ጣጣ መሸፈኑ ነው።

መመዝገብ ቀላል ነው። መሰረዝ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ቅርጫቱ የታዛቢዎቹን ዝርዝር እስከያዘ ድረስ ታዛቢዎቹ ከሜሞሪ አይለቁም። ተጠቃሚው «ከዚህ ጋር የሚሄድ ሱሪ» የሚለውን ሳጥን ዘግቶት ከዓይኑ ቢጠፋም፣ ሳጥኑ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ የሜሞሪ ጠራጊው አይነካውም፤ ቅርጫቱ በተለወጠ ቁጥርም የማይታየው ሳጥን ይጠራል፣ የማይታይ ሥራ ይሠራል። ሳጥኑ አሥር ጊዜ ተከፍቶ ከተዘጋ አሥር የማይታዩ ሳጥኖች ይኖራሉ። ገጹ ጠዋት ፈጥኖ ከሰዓት በኋላ የሚንቀረፈፍበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የጃቫስክሪፕት ተጠቃሚ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። የኦብጀክትን ሜተድ ነጥሎ ለሰሚነት የሰጠ ሰው፣ ሜተዱ ሲጠራ የየትኛው ኦብጀክት እንደነበረ የማያውቅ ሆኖ ያገኘዋል። መድኃኒቱ ሜተዱን ከባለቤቱ ጋር «ባይንድ» ማድረግ ነው፤ ባይንድ ግን በተጠራ ቁጥር አዲስ ፈንክሽን ይወልዳል። ሲመዘገብ አንዱ፣ ሲሰረዝ ሌላው ይቀርባል፤ ብሮውዘሩም ሁለቱን እንደ አንድ ስለማያያቸው ምንም አይሰርዝም፤ ስህተት አለ ብሎም አይናገርም። ከዚህ የሚያወጣ ንጹሕ መንገድ ከ2000 ጀምሮ በደረጃው ውስጥ አለ፤ የሚገርመው የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው። በፈንክሽን ፋንታ «ሃንድል ኢቨንት» የሚባል ሜተድ ያለውን ኦብጀክት ራሱን መስጠት ይቻላል። ብሮውዘሩ ያን ሜተድ ይጠራል፤ ባለቤቱ አይጠፋም፤ ሲሰረዝም ያው ኦብጀክት ይቀርባል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰሚዎችን በአንድ የማቋረጫ ምልክት አስሮ መመዝገብና በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ማሰናበት በዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ይሠራል።

እስካሁን ያወራነው ለማን ይነገር የሚለውን ነው። በእኔ አመለካከት ከባዱ ጥያቄ ግን መቼ ይነገር የሚለው ነው፤ ይህንንም ሚውቴሽን ኢቨንትስ ከተባለው ዘዴ ውድቀት በላይ የሚያስረዳ የለም።

በዚያው የ2000 ሰነድ ውስጥ የገጹ መዋቅር ራሱ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ አንድ አንቀጽ ሲጨመር ወይም ሲወጣ፣ የሚነገር ኢቨንት ነበር። ዜናው የሚደርሰው ለውጡ በተደረገበት ቅጽበት ነው። አንድ ስክሪፕት 500 ረድፍ ሲጨምር 500 ጊዜ ይቆማል፤ በእያንዳንዱ ቆይታ ሰሚው ይጠራል። ሰሚው የሚያየው ደግሞ ያልተጠናቀቀ ገጽ ነው፦ ረድፉ ገብቷል፣ ድምሩ ግን ገና አልተስተካከለም። ይባስ ብሎ ሰሚው ራሱ ገጹን መለወጥ ይችላል፤ ያም ሌላ ኢቨንት ይወልዳል። ስክሪፕቱ ወደ ሥራው ሲመለስ ትቶት የሄደውን ገጽ ላያገኘው ይችላል። የሞዚላ የፕሮግራመሮች መምሪያ እንዲህ ያለ ሰሚ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በገጹ ላይ የሚደረጉ ለውጦች ከ1.5 እስከ 7 ጊዜ እንደሚዘገዩ ያስጠነቅቅ ነበር፤ ሰሚውን መሰረዝም ጉዳቱን አይመልስም ይል ነበር።

በ2012 ብሮውዘሮች ውስጥ መግባት የጀመረው ተተኪው ሚውቴሽን ኦብዘርቨር የለወጠው ሰዓቱን ነው። ለውጦቹ እየተመዘገቡ ይጠራቀማሉ፤ እየሮጠ ያለው ስክሪፕት ሥራውን ሲጨርስ፣ ገጹ በስክሪኑ ላይ ከመሳሉ በፊት፣ ሰሚው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራና 500ውን ለውጥ በአንድ ዝርዝር ይቀበላል። በምላሹ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ዜናው ሲደርስ ለውጡ ያለቀለት ነውና ሰሚው መከልከል አይችልም። ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ይህን ዋጋ ለመክፈል ወሰኑ፤ ትክክል ነበሩ እላለሁ። አሮጌው ዘዴ ግን በብዙ ገጾች ውስጥ ተሰግስጎ ስለቆየ ክሮም ያስወገደው በ2024 በወጣው ቅጽ 127 ነው።

ኢቨንት ሲባል ብዙ ሰው «በኋላ፣ በጎን የሚሆን ነገር» ይመስለዋል። ራያን ዳል በ2009 ባስተዋወቀው፣ ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ በሚያሠራው ኖድ ውስጥ እንኳን እንዲህ አይደለም። የኖድ ኢቨንት አስተላላፊ ሰሚዎቹን በተመዘገቡበት ተራ፣ እዚያው በቆመበት ይጠራቸዋል፤ ሁሉም ሳይጨርሱ ቀጣዩ መስመር አይነካም። አንደኛው ሰሚ በስህተት ከወደቀ ከእሱ በኋላ ያሉት አይጠሩም፤ ስህተቱም ተመልሶ በአስተላላፊው ላይ ይወድቃል። በብሮውዘር ውስጥ በአንጻሩ የአንዱ ስህተት ሌሎቹን አያግድም። ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሁለት። ለአንድ ኢቨንት ከ10 በላይ ሰሚ ሲመዘገብ ኖድ ማስጠንቀቂያ የሚጽፈውም የተረሱ ሰሚዎች እየተጠራቀሙ እንዳይሆን ጠርጥሮ ነው።

የሰዓቱ ነገር ገንዘብ የሚያስወጣው ግን ሰርቨሩ ላይ ነው። ገዢው ከፈለ እንበል። የትእዛዝ ኦብጀክቱ ወደ ዳታቤዝ ሲጻፍ «ተቀምጫለሁ» ይላል፤ ታዛቢ የሆነው የኢሜይል ክፍል ወዲያው «ትእዛዝዎ ደርሶናል» ብሎ ይልካል። ይሁንና ጽሕፈቱ የአንድ ትልቅ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ ሁሉም የሚጸድቁ ወይ ሁሉም የሚሰረዙ ሥራዎች ጥቅል፣ አካል ነው። ቀጥሎ የመጋዘን ቆጠራው ዕቃው እንደሌለ ያገኝና ሁሉም ነገር ይሰረዛል። ትእዛዙ የለም፤ ኢሜይሉ ግን ሄዷል።

ጃንጎ የተባለው የፓይተን የድር ማዕቀፍ በ2015 መጨረሻ በወጣው ቅጽ 1.9 ለዚህ መፍትሔ አስገባ፦ ሥራው ትራንዛክሽኑ ከጸደቀ በኋላ ብቻ እንዲጠራ ይመዘገባል፤ ከተሰረዘ አብሮ ይጣላል። ይህም ቢሆን ቀዳዳ አለው። ትራንዛክሽኑ ጸድቆ ኢሜይሉ ሳይላክ መብራት ቢጠፋ ዜናው ለዘላለም ይቀራል። ስለዚህ ጥብቅ ሥራ የሚሠሩ ቡድኖች «ይህ ኢሜይል ይላክ» የሚለውን ማስታወሻ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይጽፉታል፤ ትእዛዙ ከጸደቀ ማስታወሻውም ይጸድቃል፣ ከተሰረዘም ይሰረዛል። ሌላ ፕሮግራም ሠንጠረዡን እያነበበ ይልካል። ያ ፕሮግራም ልኮ «ልኬያለሁ» ብሎ ምልክት ከማድረጉ በፊት ቢወድቅ ሲነሣ ያንኑ ደግሞ ይልካል። የክፍያ ድርጅቶች ለነጋዴው ሰርቨር የሚልኩት ማሳወቂያ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ የሚደርሰውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ከሚጎድል ቢደገም ይሻላል ተብሎ። ተቀባዩ ኮድ ስለዚህ የግብይቱን መለያ ቁጥር መዝግቦ መያዝ አለበት፤ ያው ቁጥር ዳግም ሲመጣ ዕቃውን ሳይልክ «ደርሶኛል» ብቻ ይመልሳል።