«አይሆንም» የማለት ሥልጣን፦ የከርሰ ምድር ጋዝና የደጋው አርሶ አደር ይዞታ

ጀማና ወንጭት በሰነጠቋቸው ሸለቆዎች፣ ከመርሐቤቴና ከመንዝ ደጋ ግርጌ፣ የአባይ ተፋሰስ የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ንጣፎች ጎልተው ይታያሉ። ተፋሰሱ እንደ ኦጋዴን ሁሉ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ሊገኝባቸው ይችላል ከሚባሉት ይቆጠራል። ካሉብና ሂላላ ጋዝ የተገኘው በአርብቶ አደር ምድር ነው፤ እዚህ ግን ከአለቱ በላይ ያለው ገብስ፣ ጤፍና ማሽላ የሚዘራበት ማሳ ነው። ስለዚህ ቁፋሮ ሳይታሰብ መነሣት ያለበት ጥያቄ አለ፦ አርሶ አደሩ «አይሆንም» ቢል ሕጉ ይሰማዋልን?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትንም የተፈጥሮ ሀብትንም የመንግሥትና የሕዝብ ያደርጋል። አርሶ አደሩ ከይዞታው ያለመነቀል ዋስትና ቢኖረውም ከእግሩ በታች ባለው ላይ ባለቤትነት የለውም። አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡ በሚነኩት ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ ይደነግጋል፤ መጠየቅ ግን መፍቀድ አይደለም። የ1997ቱ የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ ሲመድብ፣ የከፈተው የአቤቱታ በር በዋነኛነት የካሳውን መጠን የሚመለከት ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እጥፉን 15 አደረገ፤ በማስለቀቂያው ትእዛዝ ላይም አቤት ማለትን ፈቀደ። መሻሻል ነው፤ ሆኖም አቤቱታው የሚቀርበው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነው። ተቃውሞ ሁሉ የዋጋ ክርክር መስሎ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያም የከርሰ ምድር ጋዝ የመንግሥት ነው፤ ገበሬዎች በራቸውን መቆለፍ የጀመሩት እምቢ የሚሉበት የሕግ መንገድ ስላጡ ነበር። በአውሮፓውያኑ 2014 በኒው ሳውዝ ዌልስ ሳንቶስና ኤጂኤል የተባሉ ኩባንያዎች ባለይዞታው ካልፈቀደ ላለመቆፈር ከገበሬ ማኅበራት ጋር ተፈራረሙ። ስምምነት እንጂ ሕግ አልነበረም።

በመንዝ ግን እንዲህ ያለው ሥልጣን በማኅበረሰቡ እጅ የነበረበት ዘመን አለ። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጓሳ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያገለግለው ሣር በቀሮ ሥርዓት ይተዳደር ነበር። የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች የሚመርጡት አባ ቀራ ሥፍራውን ለዓመታት ይዘጋል፣ ያስጠብቃል፣ ችግር ሲጸና ይከፍታል። (ከአቅኚ አባት የማይወለድ ድምፅ እንዳልነበረው መዘንጋት የለበትም።) የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ወደቀ። ነዋሪው ጥበቃውን በገበሬ ማኅበራት በኩል በሌላ መልክ መልሶ አደራጀ፤ በአውሮፓውያኑ 2012 የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በደንብ አጸና።

ደንቡ የክልል ነው፤ የነዳጅና የጋዝ ፈቃድ የሚሰጠው ግን የፌዴራሉ የማዕድን ሚኒስቴር ነው።