የተንጠለጠለችው መርፌ እና ከራሳችን በላይ ያለው ቤተ ሙከራ

ንፋስ መውጫ ያላችሁ አንባቢዎች፣ እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። የስፌት መርፌ ወገቧ ላይ በክር እሰሩና ሚዛኗን ጠብቃ አግድም እስክትንጠለጠል አስተካክሏት። ከዚያ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግማችሁ እሿት፤ ክሩ ግን ከቦታው እንዳይንሸራተት። አሁን ነፋስ በማይገባበት ክፍል ስቀሏት (በእናንተ ከተማ ይሄ ከባድ መሆኑን እናውቃለን!)። ዞር ዞር ብላ ሰሜንና ደቡብን ትይዛለች፤ እንደ አግድም መሆኗንም ብዙም አትለቅም። ለንደን ላይ ቢሆን ግን የሰሜን ጫፏ ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ መሬት ይደፋ ነበር።

ለምን? ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት። የማግኔት መስመሮቿ ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ወደ መሬት ዘልቀው ይገባሉ፤ መሃል ላይ ግን ከመሬት ጋር ትይዩ ይሆናሉ። ይህ መሃል «የማግኔት ወገብ» ይባላል። የምድር ወገብ በኬንያ ሲያልፍ፣ የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በእኛው አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957–58 የዓለም ሳይንቲስቶች ምድርን በጋራ ሲያጠኑ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዊን ነበሩ። ጣቢያው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ የመሬት መንቀጥቀጥንም ይመዘግባል።

ታዲያ የማግኔት ወገብ ላይ ምን የተለየ ነገር አለ? የፀሐይ ጨረር ከላይ ያለውን ስስ አየር ሲመታ ኤሌክትሮኖችን ይነጥቃል። መስመሮቹ አግድም ስለሆኑ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። መሬት ላይ ያለ ማግኔት መለኪያ ይህንን ያውቃል፦ ንባቡ ወደ እኩለ ቀን ይጨምራል፣ ወደ ማታ ይቀንሳል።

ነገሩ ስልካችሁንም ይነካል። የጂፒኤስ ምልክት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ተጉዞ ሲመጣ በዚያ ንብርብር ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ንብርብሩ አንዳንዴ ይረበሻል፤ ያኔ ምልክቱ ይዋዥቃል፣ ቦታችሁም ይሳሳታል። ለእናንተ ቀረብ ባለው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የዋሸራ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ይህንኑ ያጠናሉ።

መሣሪያ ይገዛል፤ ቦታ ግን አይገዛም። «ፊዚክስ የሚሠራው ውጭ አገር ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ መርፌዋን አሳዩት።