የሳይንስ አብዮትና የስያሜ ለውጥ

የሳይንስ ዕውቀት የሚያድገው ግኝት በግኝት ላይ በመደራረብ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪ ቶማስ ኩን በ1962 ባሳተመው «የሳይንሳዊ አብዮቶች መዋቅር» በተሰኘው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ነባሩ ንድፈ ሐሳብ ሊፈታቸው የማይችላቸው ችግሮች ሲበራከቱና ተፎካካሪ ሐሳብ ሲቀርብ መላው የአስተሳሰብ ሥርዓት ይለወጣል (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሐሳቡ ጋር ቃላቱም ይለወጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ከኬሚስትሪ ታሪክ በተወሰደ ምሳሌ ማብራራት ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አብዛኞቹ ኬሚስቶች፣ የሚቃጠል ነገር ሁሉ ጀርመናዊው ጌኦርግ ሽታል «ፍሎጂስቶን» ያለውን ረቂቅ ነገር እንደያዘና ሲቃጠልም ይኸው እንደሚወጣለት ያምኑ ነበር። ይሁን እንጂ እርሳስና ቆርቆሮ በእሳት ወደ ዱቄትነት ሲለወጡ ክብደታቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አንዳንዶች ችግሩን ለመሸሽ ፍሎጂስቶን ከዜሮ በታች የሆነ ክብደት አለው እስከ ማለት ደረሱ።

በ1774 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ቀዩን የሜርኩሪ ዱቄት አሙቆ ሻማ ደምቆ የሚነድበት ጋዝ አገኘ፤ «ፍሎጂስቶን የተለየው አየር» ሲልም ሰየመው። ስያሜው ራሱ የአሮጌው ሐሳብ እስረኛ ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚዬ ግን ሚዛንን መሠረት አድርጎ ባካሄደው ምርምር መቃጠል ከዚሁ ጋዝ ጋር መዋሐድ መሆኑን ተረዳ፤ ጋዙንም «ኦክሲጅን» አለው። በ1787 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው የስያሜ ሥርዓት ለፍሎጂስቶን ቦታ አልተወለትም። በአዲሱ ስያሜ የተማረ ሰው አሮጌውን ንድፈ ሐሳብ የሚናገርበት ቃል አልነበረውም። ፕሪስትሊ ግን በ1804 እስኪሞት ድረስ በአቋሙ ጸና።

ሆኖም አዲሱም ስያሜ ስሕተት አዝሎ ነበር። «ኦክሲጅን» በግሪክኛ ፍቺው «አሲድ አስገኚ» ማለት ነው፤ ላቯዚዬ አሲድ ሁሉ ኦክሲጅን አለበት ብሎ ያምን ነበርና። በ1810 ሃምፍሪ ዴቪ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኦክሲጅን እንደሌለበት አሳየ። ቃሉን ድምፁን ሳይሆን ፍቺውን የወሰደው ጀርመንኛ ዛሬም ጋዙን «ኮምጣጣ ነገር» ይለዋል። አማርኛ ድምፁን በመዋሱ ከስሕተቱ ቢድንም፣ ቃሉ ለተማሪው ምንም ፍንጭ አይሰጠውም።

እንግዲህ የስያሜ ባለሙያ ምርጫ በመተርጎምና በመዋስ መካከል ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ የባዕዱ ቃል ፍቺ የሚታየውን ነገር ይገልጻል ወይስ ነገ ሊፈርስ የሚችል ንድፈ ሐሳብን? የሚለውን ነው። ዴቪ ራሱ «ክሎሪን» የሚለውን ስም ያወጣው ከጋዙ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ነው። ንድፈ ሐሳብ ቢለዋወጥም ቀለሙ ስላልተለወጠ፣ ስሙ እስከ ዛሬ እውነትነቱን እንደያዘ ኖሯል።